ኋላ የቀረችውን ማን ጠበቃት?

ስለ ቅዳሜ ጠዋቱ ሩጫችን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ስለበዙ የዛሬውን ዓምድ ለእነርሱ ሰጥቻለሁ። ለማያውቁን አንባቢዎች፦ በየቅዳሜው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ተሰብስበን 5 ኪሎ ሜትር እንሮጣለን። ክፍያ የለም፤ ሥራውን የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

አንዲት ተማሪ የሩጫ ጫማ የግድ መግዛት አለብኝ ወይ ትላለች።

የለብሽም። የሚመችሽን ሸራ ጫማ አድርገሽ ነይ።

አንደኛ ለወጣ ሽልማቱ ምንድን ነው?

የለም። የገባበትን ሰዓት ጽፈን እንሰጠዋለን።

ከታቦር ክፍለ ከተማ አንዲት እናት ጽፈውልኛል። ልጆች ከወለዱ ወዲህ ሮጠው አያውቁም። ጎረቤታቸው ጎትጉታቸው አንድ ቅዳሜ መጡ፤ ግማሹን ሮጠው፣ ግማሹን ተራምደው ሲደርሱ ሰዓት ያዡም ውሃ አዳዩም ሄደው ነበር። ሩጫ ለእኔ ዓይነቷ አይደለም መሰለኝ ይላሉ።

እህቴ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለቴም አፈርኩ።

እዚህ አገር ሩጫ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን በቆጂ ነው። ደራርቱ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ፣ ወርቁና ሰንደቅ ዓላማው። ኩራታችን ነው፤ ሲያኮራንም ይኑር። ነገር ግን ከኩራቱ ጋር ሩጫ ለሚያሸንፍ ሰው ብቻ የተፈቀደ ነው የሚል ስሕተት አብሮ ገባብን። ድምፃዊ ስላልሆነ ቤቱ ውስጥ እንዳያንጎራጉር የተከለከለ ሰው አላየሁም። በሩጫ ላይ ግን ይህንኑ እናደርጋለን፤ ቀስ ብሎ የሚሮጥ ጎልማሳ ሲያልፍ ቆመን የምናይ ስንቶቻችን ነን?

ዛሬ ፓርክ ራን ተብሎ በብዙ አገሮች በየቅዳሜው የሚካሄደው ነፃ የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 2004 ለንደን ውስጥ ቡሺ ፓርክ በሚባል ስፍራ ነው። የጀመረው ፖል ሲንተን-ሂዊት በዚያ ወቅት ጉዳት ደርሶበት መሮጥ አይችልም ነበር። ከሯጭ ጓደኞቹ ላለመለየት ሲል እነርሱን አስሩጦ እርሱ በአዘጋጅነት ቆመ። ሯጮቹ 13፣ አጋዦቹ 5 ነበሩ። የገቡበትን ተራ ለመለየት ይታደል የነበረው ከብረታ ብረት ሱቅ የተገዛ ሮንዴላ ነው። እንግዲህ ነገሩን የመሠረተው በዚያ ቀን መሮጥ ያልቻለ ሰው መሆኑን ልብ ይበሉልኝ።

ከደንቦቻቸው ሁሉ የምወደው ግን አንዱን ነው። ከበጎ ፈቃደኞቹ የአንዱ ሥራ ከሁሉም ኋላ እየተራመደ መምጣት ነው። ስለዚህ ከመጡት እንግዶች መካከል መጨረሻ የሚገባ የለም፤ መጨረሻ የሚገባው ሁልጊዜ ያ በጎ ፈቃደኛ ነው። እርሱ ሳይገባም ሰዓቱ አይዘጋም። እኛ ሰዓቱንና ውሃውን ወስደን ይህንን ረሳን። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ከኋላ የምራመደው እኔ ነኝ። እባክዎ አንድ ጊዜ ይሞክሩን።

ቅዳሜ አርፍጄ ስለምነሣ ሩጫው ወደ 2 ሰዓት ተኩል ይዛወርልኝ የሚሉ ሰው ለሦስተኛ ጊዜ ጽፈዋል።

በዚያ ሰዓት ፀሐዩ ይበረታል፣ የሐይቁ ዳርቻም በሰው ይሞላል። ለሦስተኛ ጊዜ፦ አይሆንም።

ፒያሳ ሱቅ ያላቸው አንባቢ፣ ነፃ ነገር አይከበርምና 50 ብር አስከፍሉ፤ የሱቄ ስም ያለበት ቲሸርት እኔ አሳትማለሁ ይላሉ።

ቅን ሐሳብ ነው፤ አመሰግናለሁ። ግን አንቀበለውም። ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10,000 ሰው ያህል ሮጧል፤ በዓመት አንድ ቀን ለሚመጣ እንዲህ ላለ በዓል ከፍሎ ቲሸርት መልበስ ደስ ይላል። የእኛ የየሳምንት ነው። ባልና ሚስት ሦስት ልጆች ይዘው ቢመጡ 250 ብር፣ በወር 1,000 ብር ይሆናል። ይህ ቤተሰብ በሁለተኛው ሳምንት ይቀራል።

ነፃ ነገር አይከበርም የሚለውንም አልስማማበትም። የወንፈልን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው እንዴት እንዲህ ይላል? ዛሬ የእርስዎ ማሳ ይታረማል፣ ነገ የእኔ። ገንዘብ አይነሣም፤ ተራውን የዘለለ ሰው ስም ግን ይነሣል። እኛም ዘንድ በዚህ ሳምንት ሰዓት የያዘ በሚቀጥለው ይሮጣል፤ የሮጠው ደግሞ ካርድ ያድላል። ክፍያ ከጀመርን ሯጩ ደንበኛ ይሆናል፣ እኛም ሻጮች። ያን ጊዜ ተራ የሚገባልን አናገኝም። መርዳት ከፈለጉ ሁለት ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ያምጡልን።

ጉልበቴን ያመኛል፤ ምን ላድርግ?

ሁለት ሳምንት ያርፉ። ካልተሻለዎ ሐኪም ያሳዩ።

የ58 ዓመት አባት አቀበት ሲወጡ ደረታቸውን እንደሚጨመድዳቸው፣ ሕመሙ ወደ ግራ እጃቸው እንደሚወርድና ቆም ሲሉ እንደሚተዋቸው ጽፈዋል። ከእኛ ጋር ቢሮጡ ይጠነክሩ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

አባቴ፣ ቅዳሜ አይምጡ። ሲንቀሳቀሱ መጥቶ ሲያርፉ የሚተው የደረት ሕመም ወደ ልብ ጡንቻ የሚሄደው ደም ማነሱን የሚያሳይ ሊሆን ይችላል። ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ይሂዱና ለእኔ እንደጻፉት አድርገው ይንገሩት፤ መቼ እንደሚጀምር፣ ወዴት እንደሚወርድ፣ በስንት ደቂቃ እንደሚለቅ። የልብ ምርመራ እንዲደረግልዎ ይጠይቁ። የመጀመሪያው ምርመራ ደህና ነው ቢባልም ሐኪሙ በቃ እስኪልዎ ድረስ ክትትሉን አያቋርጡ። ዕረፍት ላይ ሳሉ ከመጣብዎ ወይም አልለቅ ካለዎ ግን ነገን አይጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ጨጓራ ነው የሚል ጎረቤት አይጠፋም፤ አይስሙት። ሐኪምዎ ሲፈቅድልዎ አብረን ከኋላ እንራመዳለን።

ሲዘንብስ?

ካፊያ ከሆነ እንሮጣለን። መብረቅ ካለ ማንም ከቤቱ አይውጣ።

ጡረታ የወጡ መምህር መሮጥ አልችልም፣ ዓይኔም የሰዓቱን ቁጥር አያይልኝም፤ ግን ቅዳሜ ቤት መዋል ሰለቸኝ ይላሉ።

መምህር፣ የምንፈልገው እርስዎን ነው። 2.5 ኪሎ ሜትሩ ላይ፣ ሯጮች በሚመለሱበት ቦታ፣ የሚቆም ሰው የለንም። ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ጎረምሶች ቦታውን ስተው ቀድመው ተመለሱ። ሥራዎ እዚያ ተቀምጠው የሚመጣውን ሁሉ «አይዞህ፣ አይዞሽ፣ እዚህ ጋ ዙሩ» ማለት ነው። ድምፅዎ እንዳልደከመ ከደብዳቤዎ አውቄአለሁ። 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ይድረሱ፤ ወንበሩን እኛ እናመጣለን።