አንጎላችን ሲያወራ ማሽኑ ምን ያያል? ጥያቄና መልስ

ስለ አንጎል ምስልና ቋንቋ ጥያቄ ካላችሁ ወዲህ በሉ ብዬ ነበር። ደጋግመው የመጡትን እነሆ።

ኤምአርአይ (በማግኔት የአካልን ውስጥ ምስል የሚያነሳ ማሽን) ውስጥ ሆኜ ባስብ፣ ያሰብኩት ቃል ይታያል?

ኧረ አይታይም! ማሽኑ የሚከታተለው ደም ነው። አንድ የአንጎል ክፍል ሥራ ሲበዛበት ኦክስጅን የያዘ ደም ይጎርፍለታል። ኦክስጅን የያዘውና ያልያዘው ሄሞግሎቢን (ደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚው) ደግሞ ማግኔት ውስጥ ጠባያቸው ለየቅል ነው። የሚለካው ይህ ልዩነት ነው።

ችግሩ፣ ደም ቀርፋፋ ነው። ፍሰቱ ጣሪያ የሚነካው ቃሉ ከተሰማ ከ5 እስከ 6 ሰከንድ ቆይቶ ነው። ፍጥነት ሲፈለግ ራስ ቅል ላይ ገመድ ለጥፎ የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚያነበው ኢኢጂ ይሻላል። «ጥርሱን በወንበር…» ሲባል አንጎል «ምን?!» የሚልበት ሞገድ በ400 ሚሊሰከንድ ገደማ፣ ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ፣ ይታያል።

የቋንቋውን ቦታ ከሌላው እንዴት ይለዩታል?

በመቀነስ። ሰውዬው ተንጋሎ፣ ማሽኑ እየተንጓጓበት፣ ስክሪን ላይ «ልጅቷ በሩን ከፈተች» የሚል ያነባል። ቀጥሎ «ዝልጅት ሩበን ተፈከች» ይመጣል። ፊደል አለ፣ ዓይንም ይሠራል፤ የጠፋው ትርጉሙ ነው። የሁለተኛው ምስል ከመጀመሪያው ሲቀነስ የሚተርፈው ባብዛኛው በግራ በኩል፣ ግንባርና ጆሮ አካባቢ ነው። ምስሉ ላይ የምታዩት ቀይና ቢጫ ቀለም ግን የኮምፒውተር ቅብ ነው፤ አንጎል ውስጥ የሚበራ አምፖል የለም።

ግራኝ ነኝ። የኔ በቀኝ ነው ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል። አብዛኞቹ ግራኞችም ቋንቋቸው በግራ ነው።

የምልክት ቋንቋስ?

እሱም በዋናነት እዚያው ግራ። በእጅም ይነገር በአፍ፣ ሰዋስው ሰዋስው ነው።

«የብሮካ ቦታ የንግግር ማዕከል ነው» ተብለን ተምረናል። ልክ ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ታሪኩን እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1861 ፓሪስ ውስጥ ፖል ብሮካ የሚባል ሐኪም «ታን» ከማለት በቀር መናገር የተሳነው ሌቦርኝ የሚባል ሕመምተኛ ገጠመው። ሰውዬው ሲሞት አንጎሉ ታየ፤ በግራ ግንባር በኩል ተጎድቷል። የብሮካ ቦታ የተባለው ይሄው ነው። ብሮካ አንጎሉን ሳይቆራርጥ አስቀመጠው። ደግ አደረገ! እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪዎች ያንኑ አንጎል ኤምአርአይ ውስጥ ከተቱት። ጉዳቱ ከላይ ከሚታየው እጅግ ጠልቆ፣ የአንጎል ክፍሎችን የሚያገናኙትን የነርቭ ክሮች ጭምር በልቷል። እና «ማዕከል» የሚለው ቃል ለኔ አይጥመኝም። መረብ ቢባል ይቀርባል።

ምስሉ ላይ የደመቀው ቦታ ቢቆረጥ ሰው መናገር ያቆማል?

የግድ አይደለም። ምስሉ ማን ሥራው ላይ እንደነበር ያሳያል፤ ያለ ማን ሥራው እንደሚቆም አያሳይም። ስለዚህ አንጎል ውስጥ ያለ ዕጢ ሊወጣ ሲል ለቋንቋ ቦታ ከቀረበ ሐኪሞች ምስሉን ብቻ አያምኑም። ቀዶ ጥገናው መሃል ሕመምተኛውን ቀስቅሰው ሥዕል ያሳዩታል፤ አንጎሉን ደግሞ በቀላል ኤሌክትሪክ ይነካሉ። «ይሄ…» ብሎ ዝም ይላል። ኤሌክትሪኩ ሲነሳ «ዝሆን!» ይላል። ያቺ ቦታ አትቆረጥም።