«ስትወልጂ ይለቅሻል» የተባለው ብጉር

ጥያቄ፦ 27 ዓመቴ ነው። ብጉሬ ጉንጬን ለቆ አሁን አገጬና መንጋጭላዬ ላይ ሰፍሯል። ከቆዳ ሥር ያብጣል፣ ሲነካ ያማል፣ ሲድን ጠቁሮ ይቀራል። ዶክሲሳይክሊን ሁለት ጊዜ ታዞልኝ በጨረስኩ በወሩ ተመለሰ። ጓደኛዬ የሰጠችኝ ፊት የሚያቀላ ክሬም ለጥቂት ሳምንት ቢያጠፋልኝም፣ ስተወው ባሰብኝ። የወር አበባዬ አንዴ በ40፣ አንዴ በ50 ቀኑ ይመጣል። እናቴ «ስትወልጂ ይለቅሻል» ትለኛለች። ሆርሞን ይሆን? (ከሐዋሳ፣ ታቦር)

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ዋናው ፍንጭ ግን ያለው ከብጉሩ ይልቅ የወር አበባዎ ላይ ነው። አገጭ ላይ መውጣቱ ብቻውን የሆርሞን መዛባትን አያረጋግጥም፤ ብጉር ያለባቸው ብዙ ሴቶች ሆርሞናቸው ቢለካ ልክ ነው፣ ቆዳቸው ግን ለዚያው መጠን በጣም ይቆጣል።

አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች፣ ቴስቶስተሮንን ጨምሮ፣ የቆዳን የቅባት ዕጢዎች ያሳድጋሉ። ቅባቱ ሲበዛና የፀጉሩ ቀዳዳ በሞተ ቆዳ ሲደፈን ባክቴሪያ ይራባል፣ ቦታውም ያብጣል። ዶክሲሳይክሊን የሚያበርደው ባክቴሪያውንና እብጠቱን ነው። ቅባቱ እንደ ድሮው ስለሚመነጭ ብጉሩ በወሩ መመለሱ አይገርምም።

የወር አበባ ከ35 ቀን በላይ እየዘገየ ከብጉር ጋር ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም (የኦቫሪዎች፣ ማለትም የእንቁላል ማምረቻዎቹ፣ የሆርሞን ችግር) ነው። ብዙ ጊዜ መነሻው ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ማለቱ ነው። ቆሽት ኢንሱሊን ያበዛል፤ የበዛው ኢንሱሊን ኦቫሪዎች ቴስቶስተሮን እንዲጨምሩ ይገፋፋል፣ ጉበትም ቴስቶስተሮንን አስሮ የሚይዘውን ፕሮቲን እንዲቀንስ ያደርጋል። አንገትዎን ከኋላ በመስታወት ይዩት፤ በሳሙና ቢፈገፈግ የማይለቅ፣ ሻካራ ጥቁረት ካለ የዚሁ ምልክት ነው። አገጭ ላይ ጠንካራ ፀጉር እየወጣ ከሆነም ለሐኪም ይንገሩ።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የወር አበባዎ የመጣባቸውን ቀናት የ3 ወር መዝገብ ይያዙ። የእኛ ወሮች 30 ቀን መሆናቸው ለዚህ ይመቻል፦ መስከረም 12 መጥቶ ቀጣዩ ጥቅምት 20 ከሆነ 38 ቀን ነው። ለምርመራ የሚሰጡት ደም የወር አበባ በመጣ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን፣ ማለዳ ቢሰጥ ይመረጣል፦ ቴስቶስተሮን፣ ፕሮላክቲን፣ የታይሮይዱ ቲኤስኤች እና 17-ሃይድሮክሲፕሮጀስትሮን። ስኳርም በባዶ ሆድ፣ ከዚያ 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥተው ከ2 ሰዓት በኋላ ይለካል። የእርግዝና መከላከያ እንክብል የሚወስዱ ከሆነ ቴስቶስተሮኑን ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ አስቀድመው ይንገሩ። አልትራሳውንዱ ላይ «ሲስት» ተብሎ ቢጻፍ አይደንግጡ፤ ያልበሰሉ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው፣ ለቀዶ ሕክምና አያበቁም።

ድምፅ መጎርነንና የፀጉር መብዛት በጥቂት ወራት ውስጥ ድንገት ከመጡ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ዕጢ (ቲዩመር) መኖር አለመኖሩ መታየት አለበት።

ክሬሙን በተመለከተ፣ ፊት የሚያቀሉ ብዙዎቹ እንደ ክሎቤታዞል ያለ ስቴሮይድ አለባቸው። ስቴሮይድ የብጉሩን መቅላት ለጊዜው ያጠፋል፣ ቆዳውን ያሳሳል፣ ቆይቶም ራሱ ብጉር ያወጣል። ለወራት የቀቡት ከሆነ እንዴት እንደሚያቆሙት ሐኪም ይወስን።

እስከዚያው ማታ ፊትዎን ታጥበው በደንብ ሲደርቅ አዳፓሊን 0.1 በመቶ፣ የአተር ፍሬ ታህል ለሙሉ ፊት ይቀቡ። ብጉሩን ለይቶ መቀባት ዋናው ስህተት ነው፣ ቀጣዩ የሚወጣው ካልተቀባው ቦታ ነውና። የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት አንድ ቀን እየዘለሉ፤ እርግዝና ካሰቡ ግን አይጀምሩት። ጠዋት ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ 2.5 በመቶ፤ የነጠላዎን ጥለት ስለሚያነጣ ሳይደርቅ አይከናነቡ። ውጤቱን ከ12 ሳምንት በፊት አይፍረዱ። ሆርሞኑ ላይ የሚሠሩት የእርግዝና መከላከያ እንክብሎችና የአንድሮጅንን ሥራ የሚገታው ስፓይሮኖላክቶን በሐኪም ብቻ ይታዘዛሉ፤ ስፓይሮኖላክቶን ጽንስን ስለሚጎዳ ያለ መከላከያ አይወሰድም።

ጥያቄ፦ የ3 ወር መርፌ ከጀመርኩ ወዲህ ፊቴ ተበላሸ። ላቋርጥ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ መርፌው ፕሮጀስቲን (ፕሮጀስትሮንን የሚመስል ሆርሞን) ብቻ ስለሆነ አንዳንድ ሴቶች ላይ ብጉር ያባብሳል፤ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውም እንዲሁ። የተወጋውን ማውጣት አይቻልም፣ ቀጣዩ የመርፌ ቀን ከመድረሱ በፊት ግን ሌላ መከላከያ መምረጥ ይቻላል። ኢስትሮጅን ያለበት እንክብል ብጉር ይቀንሳል፤ የደም ግፊት፣ የደም መርጋት ታሪክ፣ ብዥታ የሚቀድመው ማይግሬን ካለ ወይም በቅርቡ ከወለዱ ግን አይሆንም።