ባልና ሚስት ሆነን ለወንጌል አገልግሎት ሐመር ብንሄድስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው። እኔ ነርስ ነኝ፣ እሱ የፋብሪካ መካኒክ ነው። ሁለታችንም ያደግነው ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። የአራት ዓመት ልጅ አለን። ደቡብ ኦሞ፣ ሐመር ድረስ ሄደው ያገለገሉ ወንድሞች ሲያወሩን ልባችን ተነሣሣ። ለአንድ ዓመት ያለ ደመወዝ ሄደን ብናገለግልስ ብለን አሰብን። የባለቤቴ እናት ግን «ይሄ የመነኩሴ ሥራ ነው፤ ባለትዳር ቤቱን ይጠብቅ፤ ራስ ሳይጠና ጉተና» አሉን። እውነታቸውን ነው? ክህነት የሌለን ሰዎችስ ምን ልንሠራ እንችላለን?

መልስ፦ ሰላመ እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን። ጥያቄያችሁ ደስ ብሎኛል፤ ወደ መልሱ ልግባ። አዎ፣ ባለትዳር መሄድ ይችላል። እናታችሁ ስለ ቤታችሁ ያሉት ቁም ነገር አለው፣ እመለስበታለሁ። «የመነኩሴ ሥራ ነው» ያሉት ግን ልክ አይደለም።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18ን ክፈቱ። አቂላና ጵርስቅላ ባልና ሚስት ናቸው። ቀላውዴዎስ ቄሣር አይሁድን ከሮም ሲያስወጣ ተሰደው ቆሮንቶስ ገቡ። ድንኳን ሰፍተው ነው የሚያድሩት። ጳውሎስም ሙያው ያው ስለነበረ እነሱ ቤት ተቀምጦ አብሯቸው ይሠራ ነበር። በኋላ ኤፌሶን ሲገቡ አጵሎስ የሚባል አንደበተ ርቱዕ ሰው ሲያስተምር ሰሙት፤ የሚያውቀው ግን የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበር። ሕዝብ ፊት አላሳፈሩትም። ወደ ራሳቸው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አጥርተው አስረዱት። አያችሁ፣ መጽሐፉ ስለ እነዚህ ሰዎች የሚነግረን ስለ ሙያቸው፣ ስለ ቤታቸውና ስለ እውቀታቸው ነው። በሮሜ 16 ላይም ጳውሎስ በቤታቸው ላለችው ቤተ ክርስቲያን ሰላምታ ይልካል። ሁልጊዜም የሚጠቀሱት አንድ ላይ ነው። አንተም አንቺም በእኩል ልብ ካልተነሣችሁ ግን አትሂዱ። አንዱ ጎትቶት የሄደ ሰው የመጀመሪያው ወባ ሲይዘው ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ሌላውንም ያማርራል።

ስለ ክህነት ለጠየቃችሁት ደግሞ የራሳችንን ታሪክ እናስብ። ፍሬምናጦስ አክሱም ሲገባ ካህን አልነበረም፣ ወጣት ነበር። በቤተ መንግሥት አገለገለ፣ አገሩን ለመደ፣ ያሉትን ክርስቲያኖች ሰበሰበ፣ የጸሎት ቦታ እንዲኖራቸው ረዳ። ሕዝቡ እረኛ እንደሚያስፈልገው ባየ ጊዜ «እኔው ላጥምቅ» አላለም። እስክንድርያ ድረስ ወርዶ ጳጳስ ላኩልን ብሎ የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ አትናቴዎስን ለመነ። አትናቴዎስም እሱኑ ሾሞ መለሰው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንላቸው አባት እሳቸው ናቸው፤ ዘመኑም 4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ እናንተ ታስተምራላችሁ፣ ታስታምማላችሁ፣ ንዑሰ ክርስቲያኑን (ለመጠመቅ የሚማረውን ሰው) ታዘጋጃላችሁ፣ ክርስትና ታነሣላችሁ። ማጥመቅ የካህን ነው። ከሀገረ ስብከቱ ፈቃድና ደብዳቤ ሳትይዙም ንቅንቅ አትበሉ። እዚያ ያለውን ካህን ልታግዙ ነው የምትሄዱት፣ በእሱ ላይ ሌላ ጉባኤ ልታቋቁሙ አይደለም።

አሁን ዋናውን ልናገር። የእኔ ሥጋት ክህነት ስለሌላችሁ አይደለም፣ አንድ ዓመት ስላላችሁ ነው። አንድ ዓመት ቋንቋ ለመጀመር እንኳ አይበቃም። ሐመሮች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ በአስተርጓሚ ብቻ የሚሰበክ ወንጌል አስተርጓሚው በገባው ልክ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት ለመማር አስቡት። ከእናንተ ብዙም በማይርቀው በሐይቅ እስጢፋኖስ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአባ ኢየሱስ ሞዓ እግር ሥር ተማሪ ሆነው ተቀምጠዋል። በዳሞት ወንጌልን የሰበኩት አባት ናቸው እንግዲህ! እሳቸው ተማሪ ከሆኑ እናንተም ከሐመር እናቶች አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ተማሩ። የቡና ገለባ አፍልተው በቅል ይጠጣሉ፤ ሲያቀርቡላችሁ ፊታችሁን ሳታጨማድዱ ተቀበሉ። ለወሎ ሰው ይሄ ከባድ አይደለም። ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ቡና እየተጠራራን፣ በለቅሶም በሠርግም አብረን እየቆምን ነው ያደግነው፤ የሌላውን ሰው ቤት አክብሮ መግባት እናውቃለን። ያንን ይዛችሁ ሂዱ።

አንቺ ነርሷ እህቴ፣ ሙያሽ ትልቅ ስጦታ ነው። ግን አደራ፣ መድኃኒቱን የጥምቀት ዋጋ አታድርጊው። የሚጠመቀውም የማይጠመቀውም እኩል ይታከም። ጌታ «በከንቱ ተቀበላችሁ በከንቱ ስጡ» ያለው ለዚህ ነው። ለልብስና ለዱቄት ብሎ የተጠመቀ ሰው ዱቄቱ ሲያልቅ የት ይሄዳል? የእኛስ ኃጢአት ምን ያህል ነው? ደግሞም ሥራሽ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አውቆት፣ የሙያ ፈቃድሽን ይዘሽ ይሁን። ባለቤትሽም ሙያውን አይናቅ። የተበላሸ የውሃ ፓምፕ የሚጠግን ሰው በቆላ አገር ምን ያህል እንደሚፈለግ ሄዶ ያየዋል።

ፎቶን በተመለከተ ትንሽ ልቆጣ ነው። ራቁቱን የቆመ ሰው ሲጠመቅ ቀርጾ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ መልቀቅ፣ ነጠላ ለብሶ ከተራበ ሕፃን ጋር ፎቶ መነሣት፣ ይሄ አገልግሎት አይደለም። እኛ እኮ እናውቀዋለን። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ከደሴና ከኮምቦልቻ ስንቶቻችን ልጅ አዝለን ወጣን! ስንዴ ለመቀበል ተሰልፎ ካሜራ ሲመጣ ፊቱን በነጠላው የሸፈነ ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም። ያ ሰው የሸፈነውን ፊት የሐመሯም እናት አላት።

ስለ ጾም ሳትጠይቁኝ ልንገራችሁ፣ እዚያ ስትደርሱ ስለሚገጥማችሁ። ከብት አርቢ ሕዝብ ነው፣ ከማሽላው ጋር ወተት ትልቅ ምግባቸው ነው። ትናንት ለተጠመቀ ሰው የእኛን የጾም ሥርዓት በአንድ ቀን ልጫን ካላችሁ ትሰብሩታላችሁ። ሐዋርያትም በኢየሩሳሌም ተሰብስበው ከአሕዛብ ያመኑት ላይ ከሚያስፈልገው በቀር ሸክም እንዳይጫን ወስነዋል፤ የሐዋርያት ሥራ 15ን አንብቡ። ጾም ቀረ ማለቴ አይደለም። በምን ደረጃ እንደሚጀምሩ የሚወስኑት የአካባቢው አባቶች ናቸው። ከአንድ በላይ ሚስት ስላለው ሰውም እንዲሁ፤ እናንተ ፍርድ እንዳትሰጡ፣ ሊቀ ጳጳሱ ዘንድ ይቅረብ። በችኮላ «ሁለተኛዋን ፍታት» ያለ አገልጋይ ልጆች ታቅፋ የምትቀረውን ሴት አላሰባትም።

እንግዲህ ወደ እናታችሁ። ጳውሎስ ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሃይማኖትን የካደ ነው ብሎ ለጢሞቴዎስ ጽፏል፣ ስለዚህ ንግግራቸውን አትናቁት። ብድር አለባችሁ? መጀመሪያ ክፈሉ። እናታችሁን የሚጦር ሌላ ልጅ አለ? ከሌለ የሚላክላቸውን አሁኑኑ መድቡ። ልጃችሁን በተመለከተ ደግሞ አገሩ ቆላ ነው፣ ወባ አለበት፤ አጎበሩንና መድኃኒቱን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። የኔ አስተያየት ልጁን ይዛችሁ ከመክረማችሁ በፊት ሁለታችሁ ብቻ ለጥቂት ሳምንት ሂዱና እዩ የሚል ነው። ልጁ በዚያ ጊዜ አያቱ ጋር ይቆይ፤ እሳቸውም ነገሩ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ በፊት ግን ሁለታችሁም ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ፣ አሳባችሁን ሙሉውን ንገሯቸው፣ እሳቸው «ቆዩ» ካሏችሁም ቆዩ።