ቁልቁለት ላይ የሚለሰልስ የፍሬን ፔዳልና የሚንቀጠቀጥ መሪ

ጥያቄ፦ «የ2014 ሞዴል ጎልፍ ጂቲአይ አለኝ። ከፋብሪካ ሲወጣ 220 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም አስቀይሬ አሁን ወደ 290 ደርሷል። ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ላይ መንዳት እወዳለሁ። 600 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን ቁልቁለት ስወርድ መጨረሻው አካባቢ የፍሬን ፔዳሉ እየለሰለሰ ወደ ወለሉ ይጠጋል፤ መኪናው ቆሞ ሲቀዘቅዝ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከዚህ ሌላ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ እየነዳሁ ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል። የወሰድኩበት ጋራዥ ዲስኮቹ ተጣምመዋል፣ ለዚህ ጉልበት ደግሞ ስድስት ፒስተን ያለው ትልቅ ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል) ያስፈልግሃል አለኝ። ልግዛ?»

መልስ፦ አሁን አይግዙ። የጻፉልኝ ሁለት የተለያዩ ችግሮችን ነው። የለሰለሰው ፔዳል የሚጠቁመው የፍሬን ዘይቱን ሲሆን፣ የሚንቀጠቀጠው መሪ ደግሞ ዲስኩንና ዲስኩ የተቀመጠበትን ሞዞ ነው። ሁለቱንም በአንድ ውድ ካሊፐር እፈታለሁ ቢሉ አንዱም ላይፈታ ይችላል። ያረጀ የፍሬን ዘይት በአዲስ ካሊፐር ውስጥም ይፈላል፤ ዝገት ላይ የተቀመጠ አዲስ ዲስክም ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ መልሶ ያንቀጠቅጣል። ችግሩ እስኪፈታ ድረስ ግን ያንን ቁልቁለት በፍጥነት አይውረዱ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም፤ ፔዳሉ ወለል የሚጠጋበትና ጭራሽ የማይሠራበት ጊዜ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ኩርባዎች ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ እናስላ። 1500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እስኪቆም ድረስ 580 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ማስወገድ አለበት። ፍጥነቱ 140 ቢሆን ወደ 1130 ኪሎ ጁል ይደርሳል፤ ፍጥነቱ 40 በመቶ ሲጨምር ሙቀቱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። አሁን ቁልቁለቱን እንመልከት። ያው መኪና 600 ሜትር ከፍታ ሲወርድ ክብደቱ ብቻውን 8800 ኪሎ ጁል ገደማ ይለቃል። ይህም ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 15 ጊዜ ያህል ተከታትሎ ከመቆም ጋር እኩል ነው፤ በየኩርባው መካከል እየፈጠኑ የሚጨምሩት ሳይቆጠር። ከዚህ የተወሰነውን የአየር ተቃውሞና ሞተሩ ይወስዱታል። የቀረው ፍሬኑ ላይ ያርፋል፣ አብዛኛውም የፊት ዲስኮች ላይ። ስለዚህ ዋናው ተጠያቂ የጨመሩት 70 የፈረስ ጉልበት አይደለም። ጉልበቱ ከኩርባ ኩርባ ይበልጥ ፈጥነው እንዲደርሱ ስለሚያደርግ ጫናውን ያባብሰዋል እንጂ፣ ምንም ያልተነካ ሞተር ያለው ጎልፍም በከፍተኛ ማርሽ፣ እግር ፍሬን ላይ ተደግፎ ቢወርድ ፔዳሉ ሊለሰልስ ይችላል።

በእርስዎ መኪና ላይ ደግሞ ብዙዎች የማያስቡት ሌላ የሙቀት ምንጭ አለ። ይህ ትውልድ ጂቲአይ ኤክስዲኤስ ፕላስ የሚባል ሥርዓት አለው፤ ኩርባ ላይ ከውስጥ በኩል ያለውን ጎማ በፍሬን እየያዘ መኪናው ወደ ኩርባው እንዲገባ ያግዛል። ደስ የሚል ሥራ ይሠራል፤ ነገር ግን የሚሠራው በፍሬን ሸራና በዲስክ ነው። እርስዎ ፔዳሉን ባይነኩም ፍሬኑ እየሞቀ ነው ማለት ነው። ፐርፎርማንስ ፓክ የሚባለው የፋብሪካ ተጨማሪ ጥቅል ያለው ጂቲአይ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ሜካኒካል ዲፈረንሻል (ኃይልን ለሁለቱ የፊት ጎማዎች የሚያከፋፍል ክፍል) ስላለው ይህን ሸክም በከፊል ያቃልላል። በጠመዝማዛ መንገድ ጋዝ በኃይል እየሰጡ ከኩርባ በወጡ ቁጥር ይህን ያስታውሱ።

ወደ ፔዳሉ እንመለስ። ሲሞቅ የሚለሰልስ፣ ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ፔዳል የፈላ የፍሬን ዘይት ምልክት ነው። ፈሳሽ በግፊት አይታመቅም፤ ዘይቱ ሲፈላ የሚፈጠረው ተን ግን ይታመቃል፣ እግርዎም ፒስተኑን በመግፋት ፈንታ አረፋ ይጨምቃል። ከሸራ መሞቅ የሚለየውም በዚህ ነው። የሞቀው ሸራ ቢሆን ኖሮ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ሆኖ መኪናው ግን በሚገባ አይቆምም ነበር፤ ብዙ ጊዜም የማቃጠል ሽታ ይኖራል። የእርስዎ ስለለሰለሰ ምርመራውን ከዘይቱ እንጀምራለን።

የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ በጎማ ቱቦዎቹ በኩል እንኳን ቀስ እያለ ይገባበታል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። 3.7 በመቶ ውሃ ከገባበት በኋላ ግን መስፈርቱ የሚጠይቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ያጡት 75 ዲግሪ ነው፤ ከተማ ውስጥ በጭራሽ አይሰማም፣ ቁልቁለት ላይ ግን ይኸው እርስዎ ያዩት ይሆናል። ቀለሙን አይቶ ንጹሕ ነው የሚል ሰው አይመኑ፤ ውሃ ቀለም አይለውጥም። ከማጠራቀሚያው ላይ ጎድሎ ቢሞላም ምንም አይለወጥም። በካሊፐሩ ውስጥ፣ ከፒስተኑ ጀርባ ያለው ዘይት እንደ ሞተር ዘይት አይዘዋወርም። እዚያው ተኝቶ ይሞቃል፤ ሙቀቱ የሚበረታው ደግሞ እዚያው ነው። ስለዚህ በየካሊፐሩ ማስተንፈሻ አሮጌው ሁሉ ተገፍቶ እስኪወጣ ድረስ መለወጥ አለበት። መኪናውን ያገለገለ ሆኖ ገዝተውት ከሆነና ዘይቱ የተለወጠበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ፣ እንዳልተለወጠ ይቁጠሩት። በተለመደ አነዳድ በየሁለት ዓመቱ ይለወጣል፤ እንደ እርስዎ ለሚነዳ በየዓመቱ ቢሆን እመርጣለሁ።

የትኛውን ዘይት? ዶት 4 ክፍል 6 የሚባለውን ይጠቀሙ። አዲስ ሳለ ቢያንስ 250፣ ከረጠበ በኋላ 165 ዲግሪ ይችላል፤ ከሁሉ በላይ ግን ቀጭን ነው፤ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስና የመረጋጊያ ሥርዓቱ በፍጥነት እንዲሠሩ ቀጭን ዘይት ይፈልጋሉ። ዶት 5.1 ደግሞ ቢያንስ 260 እና 180 ዲግሪ ሲሆን ከዶት 4 ጋር ይስማማል። ከስሙ የተነሣ ሰዎች የሚሳሳቱበት ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው፤ ከነዚህ ጋር አይቀላቀልም፣ እዚህ መኪና ውስጥ መግባትም የለበትም። ከ300 ዲግሪ በላይ የሚችሉ የውድድር ዘይቶች አሉ፤ ብዙዎቹ እርጥበት ቶሎ ስለሚስቡና ቶሎ ቶሎ መለወጥ ስላለባቸው መኪናውን በየቀኑ ለሚነዳ ሰው አልመክራቸውም።

ዘይቱን ከመለወጥዎ በፊት ግን ፍሬኑ ቀዝቅዞ ሳለ ሁለት ቀላል ፈተናዎች ያድርጉ። ሞተሩን አስነሥተው፣ መኪናው እንደቆመ፣ ፔዳሉን በመጠኑ ተጭነው ለአንድ ደቂቃ ያቆዩት። ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠ ችግሩ መፍላት ብቻ አይደለም፤ ወይ የሚፈስ ቦታ አለ ወይም ዋናው የፍሬን ፓምፕ ጎሚኒ ከውስጥ እያሳለፈ ነው። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው ፔዳሉን ደጋግመው ይጫኑ፤ ሲጠነክር እንደተጫኑት ሞተሩን ያስነሡ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ የፍሬን ማገዣው ደህና ነው።

ጎማው ከተፈታ ዘንድ ሸራዎቹን አውጥተው ይለኩ። እዚህ ላይ ሰዎች የሚያልፉት ነገር አለ፦ ያለቀ ሸራ ዘይት ያፈላል። ወፍራም ሸራ በዲስኩና በፒስተኑ መካከል እንደ ሙቀት መከላከያ ነው፤ ሲሳሳ ሙቀቱ በቀጥታ ወደ ፒስተኑና ወደ ዘይቱ ይሻገራል። የውስጠኛው ሸራ ከውጪኛው በጣም ከሳሳ ደግሞ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ዘንጎች ደርቀዋል ማለት ነው። የእርስዎ ካሊፐር ፒስተኑ በአንድ በኩል ብቻ ያለው ተንሸራታች ዓይነት በመሆኑ፣ ዘንጎቹ ሲይዙት አንዱ ሸራ ሳይለቅ ይፋተጋል፣ ሙቀቱም አያባራም። ዘንጎቹን አጽድተው ለፍሬን በተሠራ ሲሊኮን ግራሶ ብቻ ይቀቡ፤ ተራ ግራሶ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። የኋላ ሸራ ለመቀየር ካሰቡ፣ የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ ሞተር ስለሚሠራ መጀመሪያ በምርመራ ኮምፒውተር ወደ ጥገና ሁኔታ መግባት አለበት፤ ፒስተኑን በጉልበት መግፋት ሞተሩን ይሰብራል።

የሸራ ምርጫ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። ለውድድር የተሠራ ሸራ ሲቀዘቅዝ በደንብ አይነክስም፤ ጠዋት ከቤት ሲወጡ የመጀመሪያው ፍሬን ላይ ያስደነግጣል፣ ዲስክም ይበላል። ለፈጣን የመንገድ አነዳድ የተሠራ፣ ከቀዝቃዛ ጀምሮ የሚይዝና ከፋብሪካው ሸራ የበለጠ ሙቀት የሚችል ይምረጡ።

መንቀጥቀጡን በተመለከተ ጋራዡ «ተጣምሟል» ያለውን ሳይለካ ከሆነ አልቀበለውም። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው የተጣመመ ብረት ሳይሆን ውፍረቱ ከቦታ ቦታ የተለያየ ዲስክ ነው። ልዩነቱ 0.02 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን መሪው ላይ ይሰማል፤ በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም። ይህ የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ዲስኩ ሲቀመጥ በሞዞው ላይ ዝገት ወይም ቆሻሻ ከቀረ ዲስኩ በጥቂቱ ያዘነብላል። ከዚያ ፍሬን ባይያዝም በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ሸራውን እየነካ ይሄዳል፤ ያ ቦታ ቀስ እያለ ይሳሳል። ሁለተኛው የእርስዎን ዓይነት አነዳድ ይመለከታል፦ ቁልቁለቱን እንደጨረሱ፣ ዲስኩ ግሎ ሳለ ቆመው ፔዳሉን ተጭነው ከቆዩ ከሸራው የሚለቅ ነገር በዚያው ቦታ ይጋገራል፣ ውፍረትም ይጨምራል። ከታች ሲደርሱ ወዲያው አይቁሙ። ጥቂት ኪሎ ሜትር በቀስታ፣ ፍሬን ሳይነኩ ይንዱ፤ መቆም ግድ ከሆነም መኪናውን በፔዳል አይያዙት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዲስኩን ያውርዱ፤ የሞዞውን ፊት በሽቦ ብሩሽ ባዶ ብረት እስኪታይ ያጽዱ፤ የዲስኩንም ጀርባ እንዲሁ። መልሰው በጎማ ብሎኖች ይሰሩትና ከውጪው ጠርዝ ትንሽ ገባ ብሎ ዲያል ጌጅ (ጥቃቅን ውዝዋዜ የሚለካ መሣሪያ) ተክለው አንድ ሙሉ ዙር ያሽከርክሩት። ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ከተወዛወዘ ምክንያቱን ዲስኩ፣ ሞዞው ወይም ኩሽኔታው ውስጥ ይፈልጉ። ከዚያ ውፍረቱን በማይክሮሜትር ዙሪያውን ስምንት ቦታ ይለኩ። በእርስዎ መኪና ያለው 312 ሚሊ ሜትር ዲስክ ከሆነ አዲስ ሳለ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ 22 ሲደርስ ይጣላል። የጎማውን ብሎኖች በአየር መፍቻ አያስጠብቁ፤ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ የቶርክ መፍቻ፣ በኮከብ ቅርጽ እያፈራረቁ፣ 120 ኒውተን ሜትር ላይ ያቁሙ። እኩል ያልጠበቀ ብሎን ዲስኩን ከጎማው ጋር አብሮ ያዛንፈዋል።

አዲስ ዲስክና ሸራ ከገባ ማላመድ ያስፈልገዋል። ባዶና ፍጥነቱ በሚፈቀድበት መንገድ ከ100 ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሳይቆሙ፣ ጠንከር ባለ ግን ኤቢኤስ በማያስነሣ ጫና ከስምንት እስከ አሥር ጊዜ ያህል ያዝ ያድርጉ። ከዚያ ፍሬን ሳይነኩ እየነዱ ያብርዱት። በዲስኩ ላይ ወጥ የሆነ ግራጫ ሽፋን ከታየ በሚገባ ተላምዷል።

ስድስት ፒስተን ያለው ካሊፐርስ? አንድ ጊዜ አጥብቀው ሲይዙ መኪናው የሚቆምበትን ርቀት የሚወስነው ጎማው ነው። አሁን ያለው ፍሬን ጎማውን እስከ ኤቢኤስ ማድረስ ከቻለ ትልቅ ካሊፐር ያንን ርቀት አያሳጥርም። የሚጨምረው የሙቀት አቅምን ነው፣ ያውም በዋናነት በትልቁ ዲስክ ምክንያት። የፒስተኖቹ ስፋት ከፋብሪካው ካልተቀራረበ ደግሞ የፔዳሉ ጉዞ ይረዝማል፣ በፊትና በኋላ ፍሬን መካከል ያለው ሚዛንም ይዛባል። ዘይቱና ሸራው ተስተካክለው አሁንም ከለሰለሰ፣ እኔ ብሆን የምመርጠው የፐርፎርማንስ ፓክን 340 ሚሊ ሜትር የፊት ዲስክ ከነካሊፐሩና ከነማቀፊያው ነው። ፋብሪካው ለዚሁ መኪና የሠራው ነው፤ ቸርኬው ግን እንደሚበቃው አስቀድመው ይለኩ። ቀዳዳ የበዛበት ዲስክ አይግዙ፤ በከባድ ሙቀት ስንጥቅ የሚጀምረው ከቀዳዳዎቹ ጫፍ ነው።

አነዳድዎም ሥራው ውስጥ ድርሻ አለው። ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊት ማርሽ ይቀንሱ፤ ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ በእጅ ወደሚመረጠው ያዛውሩት። ፍሬኑን ያለማቋረጥ በስሱ ከመደገፍ፣ ከኩርባው በፊት አጠንክረው ይያዙና ሙሉ በሙሉ ይልቀቁት፤ በመካከል አየር ያገኛል። መንገድ ላይ ፔዳሉ ከለሰለሰብዎ ደጋግመው በፍጥነት ይርገጡት፣ ማርሽ ይቀንሱ፣ ጠርዝ ይዘውም ይቁሙ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ዲስኩም ተለክቶ ደህና ሆኖ መሪው አሁንም ከተንቀጠቀጠ፣ የፊት ታችኛው ክንድ የኋላ ጎሚኒ ተሰንጥቆ እንደሆነ ይመልከቱ። የላላ ጎሚኒ በራሱ አያንቀጠቅጥም፤ ሌላ ጊዜ የማይሰማውን ትንሽ የዲስክ ልዩነት ግን አጉልቶ ወደ መሪው ያደርሰዋል። መኪናውን በክሪክ አንሥተው፣ በማቆሚያ ደግፈው፣ ክንዱን በረጅም ብረት ወደፊትና ወደኋላ ገፋ ገፋ ሲያደርጉት በግልጽ ይታያል። ከተቀየረ በኋላ የጎማ አሰላለፉን ማስለካት አይርሱ።