ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣ ስለ ምሳችሁ

የመጀመሪያ ደሞዝ በተቀበላችሁ ሰሞን ስለ ቁጠባም፣ ስለ ማስተርስም፣ ስለ ትዳርም የሚመክራችሁ አይጠፋም። ስለ ምሳ የሚነግራችሁ ሰው ግን እምብዛም አላየሁም። እኔ ልንገራችሁ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በአካባቢ ጤና ሙያ፣ እዚሁ ሀዋሳ ነው። የምግብ ቤት ጓዳ ስፈትሽ፣ የውሃ በርሜል ከፍቼ ስመለከት፣ በፍሳሽና በቆሻሻ ጉዳይ ከባለቤቶች ጋር ስነጋገር ኖሬያለሁ። እንደማንኛውም ሠራተኛም ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ወረቀቴን ሰብስቤ ምሳ ፍለጋ ስወጣ ኖሬያለሁ። የሥራ ቀን ምሳን በጓዳውም በጠረጴዛውም በኩል አውቀዋለሁ። ያየሁትን ሁሉ ስጨምቀው የሚወጣው አንድ ነገር ነው፤ ምሳ የሚያምረውም የሚበላሸውም በሰዓት ነው። ምግቡ ከተሠራ ምን ያህል ቆየ? እናንተስ ለመብላት ምን ያህል ጊዜ ሰጣችሁት? የገንዘብ ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ከምሳ ዕቃ ልጀምር። ከቤት ይዞ መምጣት ደግ ልማድ ነው፤ ኪስ ይጠብቃል፣ ዘይቱንና ጨዉንም ራሳችሁ ትመጥናላችሁ። ችግሩ ያለው አያያዙ ላይ ነው። ወጡ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ይሠራና ከነድስቱ ምድጃ ላይ ያድራል። ጠዋት ለብ ተደርጎ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይከደናል፣ በባጃጅ ይመጣል፣ ጠረጴዛ ሥር እስከ ምሳ ሰዓት ይቀመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ያለ ማቀዝቀዣ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ ብሎ ይመክራል። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ተሕዋስያን በፍጥነት ይራባሉና ነው። የሀዋሳ ሌሊትም ቀንም ከዚህ መሀል አይወጣም።

«ግድ የለም፣ አሙቄ እበላዋለሁ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ማሞቅ ተሕዋስያኑን ይገድላል፤ አንዳንዶቹ ቀድመው ምግቡ ውስጥ የተዉትን መርዝ ግን አያጠፋውም። ሩዝና ፓስታ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። ማታ ተቀቅሎ ውጭ ያደረ ሩዝ ጠረኑም ጣዕሙም ሳይለወጥ ከሰዓት በኋላ ሊያስታውካችሁ ይችላል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ማቀዝቀዣ ያላችሁ ወጡን ማታውኑ ሰፋ ባለ ዕቃ ገልብጣችሁ ቶሎ አቀዝቅዙትና አስገቡት፤ ጠዋት እስኪንተከተክ አፍሉትና ሙቀት በሚይዝ የምግብ ቴርሞስ ያዙት። ቴርሞሱን አስቀድማችሁ በፈላ ውሃ ብታሞቁት እስከ ምሳ ድረስ ትኩስ ይቆይላችኋል። ማቀዝቀዣ የሌላችሁ፣ አብዛኞቻችሁም በኪራይ ክፍል እንደዚያ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፣ ወጥ ይዛችሁ አትምጡ። ደረቅ ነገር ያዙ። ጠዋት የተቀቀለ እንቁላል ከነቅርፊቱ፣ ዳቦ፣ ያልተላጠ አቮካዶ፣ ቆሎ ያዙ። አቮካዶ በሲዳማ ምድር እንደ ልብ ነው፤ ቢሮ ውስጥ በቢላ ከፍላችሁ ሎሚ ጠብ አድርጋችሁ በዳቦ ብትበሉት የሚያኮራ ምሳ ነው። ድርቆሽም ለዚህ የተፈጠረ ይመስለኛል፤ ሳምንት ቢቀመጥ ምንም አይሆንም፣ ቢሮው ማሞቂያ ካለው በሽንኩርትና በበርበሬ በአምስት ደቂቃ ፍርፍር ይሆናል።

ምግብ ቤት ለምትበሉ ደግሞ የእኔን ዓይን ላውሳችሁ። ስገባ የማየው ሴራሚኩን አይደለም። መጀመሪያ የማየው መታጠቢያውን ነው፤ ውሃው ይወርዳል ወይ፣ ሳሙናስ አለ ወይ። ቀጥሎ ጠረጴዛ የሚጠረግበትን ጨርቅ አያለሁ። ያው ጨርቅ ከጠረጴዛ ወደ ሳህን፣ ከሳህን ወደ ብርጭቆ የሚዞር ከሆነ ሌላው ንጽሕና ሁሉ ከንቱ ነው። ሦስተኛ፣ ብር የሚቀበለው እጅ እንጀራ ያነሣል ወይ? በተረፈ የሚበላው ሰው ብዛት ራሱ ይናገራል። ብዙ ሰው የሚበላበት ቤት ድስቱ ቶሎ ያልቃል፣ ቶሎ ያለቀ ድስት ደግሞ አያድርም።

ለዚህ ነው በያይነትን ረቡዕና አርብ፣ በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ ብሉ የምለው። በእነዚያ ቀናት የጾም ምግብ ተሻምቶ ያልቃል፤ ምስሩም አልጫውም ጎመኑም የዚያኑ ዕለት ነው። በፍስክ ቀን ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ የሚቀርብ በያይነት ግን መቼ እንደተሠራ ማንም እርግጠኛ አይሆንም። በፍስክ ቀን አርፍዳችሁ ከወጣችሁ ሽሮ ተጋቢኖ እዘዙ። ሲታዘዝ ይሠራል፣ በሸክላው እየተንተከተከ ፊታችሁ ይቀርባል፣ የገባበትን እሳት በዓይናችሁ ታያላችሁ። ሽሮን የድሃ ምሳ አድርጋችሁ አትዩት። እህል ብቻውን ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ አተርና ሽምብራ ያንን ይሞላሉ። እንጀራ በሽሮ የተሟላ ፕሮቲን ይሰጣል። ከትሪው ዳር የምትቀመጠውን ጥሬ ሰላጣ ግን ቤቱን ካላመናችሁ ተዉአት፤ ያልታጠበ ቅጠል ያመጣውን አሜባ ስንት ጊዜ አይተናል።

ዓሣችንን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ሀዋሳ ሠርታችሁ የዓሣ ምሳ ካልበላችሁ ከከተማዋ ድርሻችሁን አላገኛችሁም። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ ከፒያሳ በባጃጅ ቅርብ ነው፤ ጠዋት ጀልባዎቹ ቆሮሶና አምባዛ ያራግፋሉ፣ ልጆቹ እዚያው በቢላ ያጸዳሉ፣ አሞራዎቹ ትራፊውን ይጠባበቃሉ። ስትመርጡ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋውን በጣት ስትጫኑት ተመልሶ የሚነሣ መሆኑን እዩ። ቆሮሶ ሙሉውን ተጠብሶ በዳጣና በሎሚ ሲቀርብ፣ ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ የሥራ ቀን ምሳ የለም። ሾርባውም ርካሽና ኃይል የሚሰጥ ነው።

ስለ ጥሬው ዓሣ ግን የምለውን ስሙኝ። ብዙዎች ከሐይቁ እንደወጣ በአዋዜ መብላት ይወዳሉ፣ ለእንግዳም ማስቀመስ ይወዳሉ። ባህሉን አልነቅፍም፤ በሙያዬ ግን አልመክረውም። የሐይቅ ዓሣ ጥገኛ ትላትል ይይዛል፣ ሎሚም ሚጥሚጣም አይገድሉትም። የሚገድለው እሳት ነው፣ ወይም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን ማቀዝቀዝ። የሀዋሳ ሐይቅ ደግሞ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ከከተማው የሚወርደው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ይህን እያወቅሁ ጥሬውን ብሉ ልላችሁ አልችልም።

ዓሣ ሌላም ጸጋ አለው። መሥሪያ ቤቶቻችን ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ይሠራል፤ የሥጋ ምሳ ሲሆን ግን በእርዱ ምክንያት ሁለት ትሪ ይሆናል። ዓሣ ሲሆን አንድ ትሪ ይበቃል። ጾም በሆነ ቀን ደግሞ ሽሮው አንድ ያደርገናል። የቢሮ ምሳ ስታዘጋጁ ይህን አስቡ፤ ማንም ሰው «እኔ እዚህ የምበላው የለኝም» ብሎ በየዋህነት ፈገግ እያለ እንዲቀመጥ አታድርጉ።

ከገጠር ሲዳማ ለመጣችሁ ደግሞ በዋሳችሁ፣ ማለትም በእንሰት ቆጯችሁ፣ አትፈሩ። ከተማ ስለገባችሁ ብቻ በብስኩትና በለስላሳ መለወጥ የለበትም። ከእንሰት የሚሠራ ምግብ ኃይል ሰጪ ነው፣ ፕሮቲኑ ግን ትንሽ ነው። እናቶቻችሁ ከወተት፣ ከአይብና ከጎመን ጋር ያቀረቡላችሁ ለዚህ ነው። እናንተም ዋሳ ስትይዙ አይብ ወይም ቦሎቄ ጨምሩበት። ቦሎቄውን ግን አዳሩን ዘፍዝፋችሁ፣ ውሃውን ደፍታችሁ፣ በአዲስ ውሃ በደንብ ቀቅሉት፤ ጥሬነቱ ያልለቀቀው ሆድ ያውካል። ለስላሳውን በተመለከተ፣ ባለ 300 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ። ምሳ አይደለም።

አሁን ብዙዎቻችሁ የማትወዱትን ልናገር። ምሳ እንደበላችሁ ወዲያው ቡና አትጠጡ፤ ሻይም እንዲሁ። በጤፍ፣ በምስር፣ በሽሮና በጎመን ያለው ብረት ሰውነት በቀላሉ የማይወስደው ዓይነት ነው። ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች ብረቱን ይይዙትና አብዛኛው ሳይጠቅም ይወጣል። ሎሚ፣ ቲማቲምና ጥሬ ቃሪያ በተቃራኒው ብረቱ እንዲገባ ይረዳሉ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ለሴቶች ልጆቼ ነው። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች በፈረቃ ይሠራሉ፤ በየወሩ ደም የሚፈሳት ልጅ ብረት ከወንድሟ ይልቅ ያስፈልጋታል። የሚያዞራት፣ ደረጃ ስትወጣ የሚደክማት፣ በስፌት መርፌው ላይ ዓይኗ የሚፈዝባት ልጅ «ሥራው ከበደኝ» ትላለች፤ ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟን ብትታይ የደም ማነስ ሊገኝ ይችላል። ከቡና አገር ሰው ቡና ለመንጠቅ አይደለም፤ ቢያንስ 1 ሰዓት አቆዩትና ጠጡ። ስምንት ሰዓት ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲላችሁ ቢደርስላችሁ ይሻላል።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ። ደሞዝ በወጣ ሰሞን ጥብስ፣ ወሩ ሲያልቅ ዳቦ በሻይ፤ ይህ የብዙ ወጣት ኑሮ ነው። ምሳችሁን ከኪራዩ ጋር በወሩ መጀመሪያ ላይ አስይዙት። ንጹሕ የምትሠራ እናት ፈልጋችሁ ኮንትራት ግቡ፤ ከጓደኞቻችሁ ጋር ሆናችሁ ብትገቡ ዋጋውም ይሻላል፣ እሷም ስንት ሰው እንደሚመጣ አውቃ ስለምትሠራ ምግቡ አይተርፍም፣ ያደረም አይቀርብላችሁም።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ «አልራበኝም» የሚል ልጅ በየቢሮው አለ። ለልምምድ የመጣ ተማሪ ሊሆን ይችላል፣ ደሞዙ ገና ያልተለቀቀለት አዲስ ተቀጣሪ ሊሆን ይችላል፣ ግማሹን ለቤተሰብ የሚልክ ሊሆን ይችላል። ወደ ውጭ ወጥቶ ዞር ዞር ብሎ ይመለሳል። እንደዚህ ያለውን ሰው በሰው ፊት «ልክፈልልህ» አትበሉት። «ብቻዬን መብላት አልወድም፣ ና አብረን እንብላ» በሉት፤ ሁለት እንጀራ በአንድ ትሪ አስመጡና አንድ ሁለት ጊዜ አጉርሱት። እኛ አገር ሰው ሲበላ የደረሰ ሰው «እንብላ» ይባላል፤ ቢሮ ገብተን ይህን መተው የለብንም።

መቀመጥንም አትርሱ። ኮምፒውተር ፊት በአንድ እጅ እየበሉ በሌላው መሥራት ትጋት መስሎ ይታያችኋል። እንደዚያ የበላ ሰው ምን እንደበላ አያውቀውም፤ አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ ብስኩት ይፈልጋል። ሙሉውን ሰዓት ውሰዱ፤ የእናንተ ነው። በመንግሥት ቤት አርብ ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል እረፍት አለ፤ ሙስሊም ባልደረቦቻችሁ ለጁምዓ ሲሄዱ እናንተ ዘና ብላችሁ ብሉና ሐይቁ ዳር ጥላ ጥላውን ተራመዱ።

ውሎ አድሮ ኃላፊ ትሆናላችሁ። ያን ጊዜ ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ ስብሰባ አትጥሩ፤ ሰባት ሰዓት ድረስ የተጓተተ ስብሰባ የሠራተኛውን ምሳ ወስዶ የረባ ውሳኔ ሲሰጥ አላየሁም። ከበጀቱ ላይ ለአንዲት ትንሽ የምሳ ክፍል ቀንሱ። ከመጸዳጃ ቤቱ የተለየ መታጠቢያ፣ ሳሙና፣ ክዳን ያለው የመጠጥ ውሃ ባለ ቧንቧ ዕቃ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ አንድ ማቀዝቀዣና ሊታጠብ የሚችል ጠረጴዛ ይበቃል። «ቅንጦት ነው» የሚል ሰው ይነሣል፤ በተቅማጥና በቁርጠት የሚቀሩትን የሥራ ቀናት እንዲቆጥር ንገሩት። ክፍሉ ለጽዳት ሠራተኞችና ለጥበቃዎችም ክፍት ይሁን፤ አሁን ደረጃ ሥር ተቀምጠው የሚበሉት እነሱ ናቸው። ቁልፉንም ለአንድ ሰው አትስጡ፤ ተሠርተው ተቆልፈው የቀሩ የምሳ ክፍሎች በፍተሻ ዘመኔ ብዙ አይቻለሁ።