ከትርኢቱ በኋላ ስላለው ስብሰባ

አውሮፕላን ለምትወዱ ልጆች፣

ሲያትል ያላችሁ ታውቁታላችሁ። በየዓመቱ ሐምሌ ማብቂያ ላይ ለሲፌር በዓል የአውሮፕላን ትርኢት የሚያሳዩት ብሉ ኤንጅልስ ሲመጡ ሰው ሁሉ አንጋጦ ነው የሚውለው። ሬኒየር ቫሊ ሰፈር የሚኖር ሐበሻ ትኬት እንኳ አያስፈልገውም፤ ቡናውን ይዞ በረንዳው ላይ ይወጣል። ድሮ በሌክ ዋሽንግተን ላይ የሚያልፈው የአይ-90 አውራ ጎዳና ድልድይ ለትርኢቱ ሲባል ይዘጋ ነበር። ስለዚህ አውሮፕላን የማይወደውም ሰው መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ስለ እነሱ ያወራ ነበር። ባብዛኛው ስድብ ነበር።

እኔ ዕድሜዬን በአውሮፕላን ጥገና የጨረስኩ ጡረተኛ ነኝ። ልጆች ሲያገኙኝ «ጋሼ፣ እንደነሱ ለመሆን ምን ያስፈልጋል?» ይሉኛል። ድፍረት እንድላቸው ይጠብቃሉ። ድፍረቱንማ ማን ይክዳል! ግን ደፋር ሰው ሞልቷል።

መጀመሪያ ሥራቸውን እንይ። ቡድኑ እንደ ፈረንጆቹ ከ1946 ጀምሮ ያለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ቡድን ነው፤ አሁን የሚያበሩት ሱፐር ሆርኔት የተባለውን ተዋጊ ጄት ነው። አራቱ ጄቶች የአልማዝ ቅርጽ ሠርተው ሲጠጋጉ፣ በአንዱ ክንፍ ጫፍና በጎረቤቱ ኮክፒት (አብራሪው በሚቀመጥበት ክፍል) መካከል የሚቀረው 18 ኢንች ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በእኛ ልኬት አንድ ክንድ ገደማ። መቆጣጠሪያ ዘንጉን ወደፊት የሚስብ ስፕሪንግ ይታሰርበታል፤ ኃይሉ ወደ 18 ኪሎ ነው። አብራሪው ያንን ሁልጊዜ ወደ ራሱ እየጎተተ ስለሚያበር ዘንጉ አይላላም፣ እጁም አይንቀጠቀጥም። ሌሎች የተዋጊ ጄት አብራሪዎች የሚለብሱትን፣ በአየር እየተነፋ እግርንና ሆድን የሚጨምቀውን ልብስ እነሱ አይለብሱም። ክንዳቸው ጭናቸው ላይ ስለሚያርፍ፣ ልብሱ በተነፋ ቁጥር እጃቸውን ያናጋባቸዋል። ስለዚህ ደማቸው ከጭንቅላታቸው እንዳይሸሽ በገዛ ጡንቻቸው ነው የሚታገሉት።

ከመሪው ጎን የሚበሩት ደግሞ መሬቱን እያዩ አይደለም የሚበሩት። ዓይናቸው መሪው አውሮፕላን ላይ ነው። እሱ ሲዞር ይዞራሉ፣ ሲወርድ ይወርዳሉ። የዚህን ዋጋ የአየር ኃይሉ ቡድን ተንደርበርድስ ከፍሎታል። እንደ ፈረንጆቹ ጥር 18 ቀን 1982 ኔቫዳ ውስጥ ሲለማመዱ አራት ቲ-38 ጄቶች ተያይዘው መሬት መቱ፤ አራቱም አብራሪዎች ሞቱ። ምርመራው የመሪው አውሮፕላን መቆጣጠሪያ ውስጥ አንድ ክፍል መንቀሳቀስ እንዳቃተው ደመደመ። ሦስቱ የተከተሉት እሱን ነበር። ለመካኒክ ከዚህ የበለጠ የሚያስደነግጥ ታሪክ የለም።

እንዲህ ያለ መተማመን ከየት ይመጣል? እኔ እንደሚገባኝ ሰማይ ላይ አይደለም የሚሠራው። ጄቶቹ ካረፉ፣ ፊርማውና ፎቶው ካለቀ በኋላ ክፍል ገብተው በር ይዘጋሉ። ዲብሪፍ ይሉታል። ቪዲዮውን ያያሉ። የቡድኑ ሐኪም ከመሬት ሆኖ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ሲመዝን ስለቆየ ማስታወሻውን ይዞ ይመጣል። ማዕረግ እዚያ ቤት አይሠራም። እያንዳንዱ አብራሪ ሌላው ሳይነግረው የራሱን ጉድለት ይናገራል፤ አለቃውም ጭምር። ከዚያ እንደሚያስተካክለው ተናግሮ «እዚህ በመገኘቴ ደስ ብሎኛል» ይላል። ብዙ ጊዜ ስብሰባው ከበረራው ይረዝማል።

ለታይታ እንዳይመስላችሁ። እንደ ፈረንጆቹ በ2011 ሊንችበርግ፣ ቨርጂኒያ ላይ አልማዙ ከተፈቀደው ከፍታ በታች ወረደ። ማንም አልተጎዳም፤ ሕዝቡም አጨብጭቦ በሄደ ነበር። የቡድኑ አዛዥ ግን በራሱ ፈቃድ ቦታውን ለቀቀ።

እኛ ዘንድ ይሄ ይከብዳል። አለቃን «ተሳስተዋል» ማለት ንቀት ይመስላል፣ የራስን ስህተት ማውጣት ደግሞ ራስን ማዋረድ። ይሉኝታ እራት ግብዣ ላይ ያምራል፤ አውሮፕላን በሚጠገንበት ሃንጋር ውስጥ ግን ሰው ይገድላል። የመካኒክ መሣሪያ ሳጥን ውስጥ እያንዳንዱ ቁልፍ በቅርጹ የተቆረጠ ቦታ አለው። ፈረቃው ሲያልቅ ባዶ ቦታ ካለ አውሮፕላኑ አይንቀሳቀስም። አንድ ሌሊት ሁላችንም ጃኬታችንን ለብሰን ልንወጣ ስንል፣ ከመጣ ወር ያልሞላው ልጅ «አንድ ሶኬት ጎድሎኛል» አለ፤ ብሎን መፍቻ ላይ የሚሰካው ቁራጭ ማለቱ ነው። ጉርምርምታው አይነሳ! ተከፍቶ የተዘጋው ሁሉ እንደገና ተከፈተ። ሶኬቷ ከመቆጣጠሪያ ኬብል አጠገብ ተገኘች። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ የፈረመበትን ሥራ ደግሜ አልፈተሽኩም።

አብራሪ ባትሆኑም ይሄን ውሰዱ። ከፈተና፣ ከፕሮጀክት፣ ከሥራ ቃለ መጠይቅ በኋላ ከሁለት ጓደኞቻችሁ ጋር አሥር ደቂቃ ተቀመጡ። ከራሳችሁ ጀምሩ። «እኔ አልተዘጋጀሁም ነበር» በሉ እንጂ «መምህሩ ጠላኝ» አትበሉ። መሪ ከሆናችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ትልቁ ዝም ካለ ትንሹ አይተነፍስም። ስህተት የሚናገረውን ልጅ አትሳቁበት፤ ስክሪንሾት አንስታችሁ ግሩፕ ላይ መልቀቅማ ጭራሽ አይታሰብም። ይሄ የናንተ ዘመን በሽታ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

አንድ ሌላ ነገር። አዲስ አብራሪ ወደ ቡድኑ የሚገባው ነባሮቹ በሙሉ ድምፅ ሲስማሙበት ነው። የበረራ ሰዓት የግድ ነው፤ ግን ችሎታ ኖሮት የማይመረጥ ብዙ ነው። ነባሮቹ ያንን በር ዘግተው አብረውት መቀመጥ የሚችሉትን ሰው ነው የሚፈልጉት።

ዘንድሮ ትርኢቱን ለማየት ጄኔሲ ፓርክ ከሄዳችሁ ለታናናሾቻችሁ የጆሮ መከላከያ ያዙ። ሁላችሁም አልማዙን ስታዩ ሶሎው፣ ማለትም ብቻውን የሚበረው ጄት፣ ውኃውን ታክኮ፣ ባላሰባችሁት በኩል ነው የሚመጣው፤ ድምፁ ሲደርስ እሱ አልፏል።