ቁልፍ እያለ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ሰርቨር

ጠያቂያችን ከላፕቶፓቸው ወደ ኡቡንቱ ሰርቨራቸው በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሰርቨር ጋር በተመሰጠረ መስመር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ቁልፍ፣ ያለ ይለፍ ቃል ይገቡ ነበር። ድረ ገጻቸው ፎቶ አልቀበል ብሎ አንድ ሰው «ካስተካከለላቸው» ወዲህ ግን ሰርቨሩ የይለፍ ቃል መጠየቅ ጀምሯል፤ አዲስ ቁልፍ ሠርተው ቢጨምሩም ለውጥ የለም።

ቁልፍዎ ጤነኛ ይመስለኛል። ያ ሰው ለፎቶው ብሎ በሆም ፎልደርዎ ላይ በሙሉ ሲኤችሞድ 777 (ለማንኛውም ተጠቃሚ ሙሉ ፈቃድ፣ የመጻፍም ጭምር፣ የሚሰጥ ትእዛዝ) ሳያዝበት አልቀረም፤ ይህም የተጣበቀ በር ለመክፈት መዝጊያውን ነቅሎ እንደ መሄድ ነው። ለፎቶ የሚያስፈልገው የዌብ ሰርቨሩ ተጠቃሚ በመጫኛው ፎልደር ላይ ብቻ የመጻፍ ፈቃድ ማግኘቱ ነበር።

ማንኛውንም ነገር ከመንካትዎ በፊት በይለፍ ቃል ይግቡ፤ ያንንም ተርሚናል ሥራው እስኪያልቅ አይዝጉት።

የኤስኤስኤች ቁልፍ ጥንድ ነው፤ የግሉ ላፕቶፕዎ ላይ፣ ይፋዊው ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል። ብዙ ሰው የግል ቁልፉ ወደ ሰርቨሩ የሚላክ ይመስለዋል፤ አይላክም። ሁለቱ ኮምፒውተሮች በመጀመሪያ የጋራ ምስጢር ፈጥረው መስመሩን ያመሰጥራሉ፤ ከዚህም ስምምነት ለዚያ ግንኙነት ብቻ የሚያገለግል መለያ ይወጣል። ላፕቶፑ ይህን መለያ ከተጠቃሚው ስም ጋር አድርጎ በግል ቁልፉ ይፈርምበታል፣ ሰርቨሩም ፊርማውን በእጁ ባለው ይፋዊ ቁልፍ ይመረምራል። ነገሩ እንደ ማኅተም ቀለበት ነው፤ ቀለበቱ ከጣት ሳይወልቅ የታተመበት ደብዳቤ ብቻ ይሄዳል፣ የትናንቱም ደብዳቤ ለዛሬ አያገለግልም። ምሳሌው የሚያነክሰው የቀለበት ማኅተም ከአሻራው ሊቀዳ ስለሚችል ነው፤ ከይፋዊው ቁልፍ ግን የግሉን ማውጣት በተግባር አይቻልም። ስለዚህ ሰርቨሩ ይፋዊ ቁልፎችን የሚይዝበትን፣ ኦቶራይዝድ ኪስ የተባለውን መዝገብ ሌላ ሰው ቢያነበው ብዙም አያሳስብም። የሚያሰጋው ቢጽፍበት ነው፤ የራሱን ቁልፍ ጨምሮ በእርስዎ ስም ይገባልና። ኤስኤስኤች ሌላ ተጠቃሚ ሊጽፍበት የሚችለውን መዝገብ የማያምነው ለዚህ ነው፤ ምክንያቱንም ለእርስዎ ሳይነግር በአውዝ ሎግ (የመግባት ሙከራዎች በሚመዘገቡበት የሰርቨሩ ፋይል) ላይ ጽፎ ያልፋል።

በመጀመሪያ የእነዚህን ፎልደሮችና የመዝገቡን ባለቤትነት በሲኤችኦን (ባለቤት በሚቀይረው ትእዛዝ) ወደ ራስዎ ስም ይመልሱ፤ መዝገቡ በሩት (በሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ) ስም እንዳለ 600 ቢደረግ አይነበብም። ቀጥሎ በሲኤችሞድ ሆም ፎልደሩን 755 (ከእርስዎ በቀር ማንም አይጽፍበትም)፣ በነጥብ የሚጀምረውን የኤስኤስኤች ፎልደር 700፣ መዝገቡን 600 ያድርጉ (ሁለቱን ከእርስዎ በቀር ማንም አይከፍታቸውም)። ከዚያ በሌላ ተርሚናል ይሞክሩ፤ የመጀመሪያውን አሁንም አይዝጉት። እምቢ ካለ አውዝ ሎግን ይክፈቱ፣ የተበላሸውን ፎልደር በስሙ ጠርቶ ያገኙታል።

የግል ቁልፉን በፍላሽ ይዘው የሚዞሩ ከሆነ ይተዉት። ርካሾቹ ፍላሾች ሳያስጠነቅቁ ከመሞታቸው በላይ፣ ብዙውን ጊዜ ፎርማታቸው ፋት ስለሆነ የፋይል ፈቃድ አይይዙም፤ ሊኑክስ ላይ ሲሰኩ ቁልፉ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ይታይና ኤስኤስኤች አልጠቀምበትም ይላል።

በይለፍ ቃል መግባትን የሚዘጉት በቁልፍ መግባትዎን ካረጋገጡ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን ያ የመጀመሪያው ተርሚናል ክፍት ይሁን።